ዘጠነኛ ክፍል አንዴ ብቻ ነው

በፕላዝማ የተማረ ሰው ካገኛችሁ ስለ «ቬሪ ጉድ» ጠይቁት። ከመልሱ ሳቁ ይቀድማል። ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ያልፋል። ክፍሉ ውስጥ ግን አንድም ሰው አልመለሰም። ግማሹ ተማሪ ገና ጥያቄውን ወደ ደብተሩ እየገለበጠ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ጥያቄ መጠየቁንም አልሰማ። አስተማሪው አድንቆ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ርዕስ ገብቷል።

ቀልዱ ያስቃል። ቆም ብሎ ላየው ግን ውስጡ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ተቀምጧል። ለክፍል ትምህርት አዲስ መሣሪያ ስናመጣና መሣሪያው ሳይሠራ ሲቀር፣ ኪሳራው የማነው? ዛሬ ደግሞ ታብሌትም፣ ኦንላይን ፈተናም፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም የክፍሉን በር እያንኳኩ ስለሆነ ጥያቄው ያረጀ አይደለም።

ፕላዝማን ላልደረሳችሁበት ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። በየክፍሉ ትልልቅ የፕላዝማ ስክሪኖች ተተከሉ፤ የትምህርቱም ስም በዚያው «ፕላዝማ» ሆኖ ቀረ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሲቪክስ፣ ሁሉም ከላይ ይወርዳል። ከአንድ ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን ደቂቃ ስክሪኑ ይወስዳል። ለክፍሉ መምህር መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትቀርለታለች።

ሐሳቡ የክፋት አልነበረም። እንዲያውም ልብ የሚነካ የእኩልነት ሐሳብ ነበረው። በወቅቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፍጥነት እየተከፈቱ ነበር፤ ፊዚክስና ሒሳብ በደንብ የሚያስተምር መምህር ግን በዚያ ፍጥነት አይገኝም። ታዲያ አንድ ጥሩ ትምህርት አዘጋጅቶ ለሁሉም ቢለቀቅ፣ አዲስ አበባ ያለው ልጅና ጎዴ ያለው ልጅ በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ትምህርት ቢያገኙ ምን ክፋት አለው? ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ በስክሪን ማየት ቀላል ነገር አይደለም። የተጠቀመበት ተማሪም አለ፣ በተለይ እንግሊዝኛው የማያስቸግረው።

ችግሩ ብዙው ተማሪ እሱ አለመሆኑ ነው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ነበር። በብዙ ቦታ ደግሞ ልጁ አንደኛ ደረጃን የተማረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ አነጋገር፣ አዲስ ፍጥነት፣ ሁሉም በአንድ ጠዋት መጡበት። መብራት ሲጠፋ ስርጭቱ አይጠብቅም፤ በሰዓቱ ያልፋል። በማግስቱ መብራት ሲመጣ ሌላ ትምህርት ላይ ተደርሷል።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን እጁን ያወጣው ተማሪ ጉዳይ ነው። «አልገባኝም» ለማለት እጁን ያነሳው ልጅ ማንን ይጠይቅ? ስክሪኑ አያየውም። መምህሩ ያየዋል፤ ግን ላስረዳ ቢል ስርጭቱ ያመልጣል፣ ዝም ቢል ልጁ ያመልጣል። ዲግሪ ይዞ፣ ትምህርቱን እያወቀው፣ አብሪና አጥፊ ሆነ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጁም እጅ ማውጣቱን ተወው። አንድ ተማሪ የሚያጣው ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል። ያልገባው ትምህርት ነገ ሊገባው ይችላል። መጠየቅን የተወ ልጅ ግን ነገም አይጠይቅም።

ይህ ቅሬታ ከስክሪን ይቀድማል። ፕላቶ «ፋይድረስ» በተባለው ድርሰቱ ውስጥ ሶቅራጥስን ስለ ጽሑፍ ሲያናግረው ተመሳሳይ ነገር ያነሳል። የተጻፈ ነገር የሚያውቅ ይመስላል፤ ስትጠይቀው ግን ያንኑ ከመድገም በቀር መልስ የለውም ይላል። ሆኖም ይህን ቅሬታ ዛሬ የምናውቀው ፕላቶ ስለጻፈው ነው! ስለዚህ አዲስን ነገር መፍራት ብቻውን ጥበብ ሊሆን አይችልም። የፊደል ገበታውም በዘመኑ ቴክኖሎጂ ነበር። ካርቶን ላይ የተለጠፈ ሀ ሁ፣ ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ የሚቆጥረው። ስንደዶው ግን በማን እጅ ነበር? በልጁ። ፊደሉ ጠፍቶት ቢቆም ገበታው አብሮት ይቆማል። መጽሐፍም እንደዚያው ነው። አይመልስልህም፣ ግን ይጠብቅሃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የአዲስ መሣሪያ ሰዎች «ሙከራ» የሚለውን ቃል በጣም ይወዱታል። እንሞክር፣ እንሳሳት፣ እናሻሽል። ለመሣሪያው ሠሪ ይህ ትክክል ነው። ኩባንያው ባይሳካለት አዲስ ቨርዥን ያወጣል። ሚኒስቴሩ ፖሊሲውን ይከልሳል። ለጋሹ «የተገኙ ትምህርቶች» የሚል ሪፖርት ጽፎ ወደሚቀጥለው ፕሮጀክት ይሄዳል። ሁሉም ሁለተኛ ዕድል አላቸው። ተማሪው ግን ዘጠነኛ ክፍልን አንዴ ብቻ ነው የሚማረው። መድገም ይችላል ትሉ ይሆናል። የሚደገመው ግን ክፍሉ ነው፤ ዕድሜው አይደገምም። እኩዮቹ አልፈው ሲሄዱ፣ ቤተሰቡ «ሌላ ዓመት?» ሲል፣ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ በብዙ ቦታ የጋብቻ ወሬ ሲጀመር፣ ያ አንድ ዓመት በቁጥር ከሚታየው በላይ ይከብዳል።

አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ሲሞከር ምን እንደሚደረግ እናውቃለን። ፈቃድ ይጠየቃል። ጉዳት ከታየ ሙከራው ይቆማል። ለተጎዳው ኃላፊነት የሚወስድ አካል ይኖራል። ክፍል ውስጥ ግን ከእነዚህ አንዱንም አናደርግም። ተማሪው አልተጠየቀም፤ ልውጣ ቢልም መውጫ የለውም፣ ያለው ትምህርት ቤት ያው አንድ ነውና። ወላጁም አልተጠየቀም። ከሁሉ የሚገርመው መምህሩም አለመጠየቁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «እሺ፣ ታዲያ ምንም አንሞክር?» ቢለኝ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አድበስብሼ ላልፈውም አልፈልግም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጦርነትም ነበር፣ ኮቪድም ነበር፣ ሌላም ብዙ ምክንያት አለ። ቢሆንም እንዲህ ዓይነት ቁጥር ፊት ቆሞ «ባለበት ይቀጥል» ማለትም ራሱ ውሳኔ ነው። የፊዚክስ መምህር በሌለበት ትምህርት ቤት የተቀመጠ ልጅም ዘጠነኛ ክፍልን አንዴ ብቻ ነው የሚማረው። ምንም ባለማድረግ የሚባክን ዓመትም የልጅ ዓመት ነው።

ደግሞም በግልጽ የሚጠቅም ነገር አለ። ማየት የተሳነው ተማሪ ለዘመናት የሚማረው አንባቢ ጓደኛ ለምኖ ነበር። ጓደኛው ሲመቸው ያነብለታል፣ ሲደክመው ያቆማል፣ ፈተና ሲደርስ የራሱን ጥናት ይዞ ይጠፋል። ዛሬ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይር ስልክ ያለው ተማሪ የፈለገውን ገጽ፣ በፈለገው ሰዓት፣ ሦስት ጊዜ ቢያስደግም የሚሰለቸው የለም። ይህን «ከባህላችን ውጭ ነው» ብሎ የሚከለክል ሰው ጥንቃቄን ሳይሆን ጭካኔን ነው የሚያስተምረው።

ሌላም ልጨምር። የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው «ፌት» የሚባል የሳይንስ መለማመጃ አለ። በነፃ ነው፤ ብዙው አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ስክሪኑ ላይ ባትሪና ሽቦ ታገናኛለህ፣ አምፖሉ ይበራል። ሽቦውን ብትነቅለው ይጠፋል። አንድ መምህር አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ይዞ፣ ከመንካቱ በፊት ወደ ክፍሉ ዞሮ «ሁለተኛ አምፖል ብጨምር ብርሃኑ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ማለት ይችላል። ግማሹ ይጨምራል ይላል፣ ግማሹ ይቀንሳል ይላል፣ ጭቅጭቅ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ነው የሚነካው። ይህም ስክሪን ነው፣ ፕላዝማውም ስክሪን ነበር። ልዩነቱ ማቆሚያው በማን እጅ እንደሆነ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ቴክኖሎጂ ይግባ ወይስ አይግባ አይደለም። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ስለ ትምህርትና ቴክኖሎጂ ባወጣው ዓለም አቀፍ ሪፖርት ርዕሱ ላይ ያስቀመጠው ጥያቄ መሣሪያው የሚሠራው በማን ውል ነው የሚል ነበር። እኔ ወደ ክፍል ቋንቋ ስመልሰው እንዲህ ይሆናል፦ አልገባኝም ያለ ልጅ ሲኖር ይህን ነገር ማን ያቆመዋል?

ልጆች ከመሣሪያ ጋር አይግባቡም የሚል ስጋት ብዙ አያሳስበኝም። በ2012 እ.ኤ.አ. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት ያለ አስተማሪ ታብሌት በካርቶን አስቀምጦላቸው ነበር። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙት፤ በወራት ውስጥ ደግሞ የተቆለፈውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ የኛ አገር ልጅ ከማንም እንደማያንስም ያሳያል። ግን ምን አረጋገጠ? ልጅ ጉጉ መሆኑን። ይህን እናቶቻችን ያለ ታብሌትም ያውቁታል። ማብሪያ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ አንብቦ መረዳት ሌላ። የዚሁ ድርጅት ላፕቶፖች በብዛት ፔሩ ውስጥ ተሰጥተው ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢንተር አሜሪካን የልማት ባንክ ጥናት በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ያለውን ሲመረምር በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ መለኪያዎች ላይ መጠነኛ መሻሻል አየ፤ በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ግን ለውጥ አላገኘም። ዕቃው ደርሷል፤ ትምህርቱ ግን ከዕቃው ጋር አብሮ በካርቶን አይመጣም።

አሁን ደግሞ የዘመኑ ጉዳይ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ወዲህ አሳይመንት የሚባለው ነገር ትርጉሙ ተቀይሯል። ቴሌግራም ላይ ጥያቄውን ፎቶ አንስተህ ትልካለህ፣ መልሱ ተሠርቶ ይመጣል።

ልብ በሉ፣ ይህ መሣሪያ የፕላዝማ ተቃራኒ ነው። ፕላዝማው አይጠብቅም፤ ይሄኛው ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቅሃል። ፕላዝማው አይጠየቅም፤ ይሄኛው መቶ ጊዜ ብትጠይቀው አይቆጣም፣ «ይህን እንኳ አታውቅም?» ብሎ በጓደኛ ፊት አያሸማቅቅም። ለዓይን አፋር ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ክፍል ውስጥ እጁን ለማንሳት የፈራ ልጅ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የፈራውን ጥያቄ ሲጠይቅ ማየት ደስ ይላል።

ታዲያ ምኑ ያሳስባል? ፕላዝማው ጥያቄን ነበር የወሰደብን፤ ይሄኛው ድካምን ሊወስድብን ይችላል። ድካም ደግሞ በትምህርት ውስጥ ትርፍ ነገር አይደለም፤ አንዳንዴ ትምህርቱ ራሱ እሱ ነው። የቅኔ ቤት ተማሪን አስቡ። ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፣ ካልሆነም ይመልሰዋል። የመምህሩ ቅኔ ከተማሪው ቅኔ እንደሚበልጥ ሁሉም ያውቃል። ታዲያ ለምን መምህሩ ራሱ አይቆጥርለትም? ምክንያቱም የተፈለገው ጥሩ ቅኔ ሳይሆን ባለቅኔ ነው።

የሒሳብ አሳይመንትም እንደዚያው ነው። መምህሩ መልሱን ያውቀዋል፤ ካንተ መልስ አጥቶ አይደለም የሰጠህ። የፈለገው መልሱን ስትፈልግ በመንገድ ላይ የምትሆነውን ሰው ነው። የቢሮ ሠራተኛ ደብዳቤውን በኤአይ ቢያስጽፍ ደብዳቤው ይደርሳል፣ ሥራው ያልቃል። ተማሪ ድርሰቱን በኤአይ ቢያስጽፍ ድርሰቱ ይደርሳል፤ ሥራው ግን አልተጀመረም።

ሌላም የፍትሕ ጉዳይ አለ። ይህ መሣሪያ ሲሳሳትም በልበ ሙሉነት ነው። በአማርኛ ሲጠየቅ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይሳሳታል፤ በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ሲሆን ይብሳል። ትምህርቱን ቀድሞ የሚያውቅ ተማሪ ስህተቱን ይይዘዋል፤ ይስቅና ያልፋል። የማያውቀው ደግሞ ስህተቱን ሸምድዶ ፈተና ይገባል። ስለዚህ ያለ ጥንቃቄ ከለቀቅነው ላለው ይጨምርለታል፣ ከሌለው ላይ ይወስዳል። እንግሊዝኛ የሚችለው፣ ኢንተርኔት ያለው፣ ቤት ውስጥ የሚያርመው ታላቅ ያለው ልጅ አንድ መሣሪያ ይዟል፤ ሌላው ልጅ በዚያው ስም ሌላ መሣሪያ ይዟል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የኔ መልስ ትልቅ ፍልስፍና የለውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በልጅ ዓመት ላይ የፈሰሰው ደግሞ ተመልሶ ስለማይለቀም፣ አዲስ ነገር ወደ ክፍል የሚያመጣ ሁሉ ከልጁ የሚበደረውን አውቆ ይግባ ነው የምለው። ብድር ከሆነ ደግሞ ወግ አለው።

መጀመሪያ ተበዳሪው ይጠይቃል። መምህሩ መሣሪያው ተገዝቶ ካለቀ በኋላ ለሥልጠና ብቻ የሚጠራ ሰው መሆን የለበትም። ከመገዛቱ በፊት «ክፍልህ ውስጥ ምን ይቸግርሃል?» የሚባል ሰው መሆን አለበት። ምናልባት የሚቸግረው ኖራ ይሆናል፣ ወይም ለስልሳ ተማሪ የቀረቡ አሥር መጻሕፍት። ተማሪውም ይጠየቅ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ምን እንደገባውና ምን እንዳልገባው ከማንም በላይ ያውቃል።

ቀጥሎ በልኩ ይበደራል። አንድ ነገር በአንድ ትምህርት፣ በጥቂት ክፍሎች፣ ለአንድ መንፈቅ ይሞከር። አልሠራም ሲባል ደግሞ መቆም የሚችል መሆን አለበት። ማቆም ካልተቻለ ያ ሙከራ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው።

በመጨረሻ ተበዳሪ ይከፍላል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይሄ ነው። ሙከራው ባይሳካ ለልጆቹ የባከነው ሰዓት እንዴት ይመለሳል? የማካካሻ ትምህርት በጀት ከመጀመሪያው ተይዟል ወይ? የሚያስተምረው መምህር ይከፈለዋል ወይ? በየፕሮጀክቱ ውስጥ ለመሣሪያው ግዢ፣ ለሥልጠና፣ ለምረቃ ሥነ ሥርዓቱና ለባነሩ ሳይቀር መደብ ይኖራል። «ባይሠራ ለልጁ የምንመልሰው» የሚል መስመር ግን አይቼ አላውቅም። ይህች አንዲት መስመር ብትጨመር ስንቱ ችኩል ሐሳብ ራሱ ቀዝቀዝ ይል ነበር። ምክንያቱም ሰው በራሱ ገንዘብ ሲሆን በደንብ ያስባል።

ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ነገ መተግበሪያ የምትሠሩ፣ የምታስተምሩ፣ ወይም ዛሬውኑ ለታናሽ እህታችሁ ስልክ የምትገዙ ናችሁ። ጉዳዩ የሚኒስቴር ብቻ አይደለም። እህታችሁ ጥያቄዋን ለኤአይ ከመላኳ በፊት «እስቲ መጀመሪያ አንቺ ሞክሪው፣ ከዚያ አብረን እንጠይቀዋለን» ማለት ራሱ ፖሊሲ ነው። አብረን የሚለው ቃል ነው ዋናው። ልጅቷ ስትሳሳት የሚያይ፣ ፊቷ ሲቀያየር የሚያውቅ፣ «ገባሽ?» ብሎ መልሱን ሳይሰማ የማያልፍ አንድ ሰው አጠገቧ ካለ፣ መሣሪያው ካርቶንም ሆነ ስክሪን ብዙም አያስፈራም። ያ ሰው ከሌለ ግን የቱንም ያህል የረቀቀ ነገር ብናመጣላት፣ የምናደርገው በእሷ ዓመት ላይ ዕጣ መጣል ነው። ዕጣው ሲወድቅ ደግሞ የምትከፍለው እሷ ብቻ ናት።